ከሲጋራ ወደ ቬፕ፦ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ባለፈው ስለ ራሽን ቅነሳ በጻፍኩት ሥር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ "ቲቸር ሲጋራ ትቶ ቬፕ ጀመረ የሚባለው እውነት ነው?" ብሎ ከጻፈ ወዲህ፣ ስለ ራሽን የሚጠይቀኝ ጠፍቶ የውስጥ መስመሬ በቬፕ ጥያቄ ተሞልቷል። ከዚሁ ከካኩማ፣ ከኢስሊ፣ ከካምፓላ፣ አንድ ሰው ደግሞ ከሪያድ። ለየብቻ መመለሱ ስላቃተኝ አንዴ በረጅሙ ልጻፈው። ቡና ያፈላችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ስለ ቡናው ራሱ ወደ ታች የምነግራችሁ ጉድ አለኝ።

አዎ፣ እውነት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ጀምሮ 14 ዓመት አጭሻለሁ። አገር ቤት ኒያላ፣ እዚህ ስፖርትስማን፣ ገንዘብ ሲጠፋ ደግሞ በፍሬ የተገኘውን። (የኬንያ የ2007 የትምባሆ ሕግ ሲጋራን በፍሬ መሸጥ ይከለክላል። ካምፕ ውስጥ በፍሬ የማይሸጥ ሱቅ ያገኘ ሰው ይንገረኝ።) ወደ መጨረሻው በቀን 15 ፍሬ ደርሼ ነበር። አሁን ሲጋራ ከነካሁ ዘጠነኛ ወሬን ይዣለሁ።

ወደ ዋናው ከመግባቴ በፊት ስለ ሕግ። አገር ቤት ያላችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በፈረንጆቹ 2019) ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው። ኡጋንዳም በ2015 ባወጣችው የትምባሆ ሕግ ከልክላለች። ካምፓላ ያላችሁ ወገኖች፣ የወረቀታችሁ ጣጣ ሳያንሳችሁ ሌላ ጣጣ እንዳትጨምሩበት። ኬንያ ውስጥ ሱቅ ይሸጣል። ይህን የምለው ያለሁበትን ለመናገር ነው እንጂ "ሂዱና ግዙ" ለማለት አይደለም።

"ዝም ብለህ አታቆምም ነበር?" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አራት ጊዜ ዝም ብዬ አቁሜያለሁ። ረጅሙ 11 ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ ለማቆሚያ የሚረዱ መድኃኒቶችንና ኒኮቲን ያላቸውን ማስቲካና ፕላስተር ይመክራል። እዚህ ክሊኒክ ሄጄ ፕላስተሩን ስጠይቅ ነርሷ በትህትና ሳቀችና "ወንድሜ፣ ፓራሲታሞል እንኳ ያለቀበት ሳምንት ነው" አለችኝ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ሌሊት በር ላይ ቆሜ አጭሼ ስገባ ልጄ እንቅልፍ ላይ ሆና ፊቷን ታዞር ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ናት፤ ማንም አላስተማራትም። እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ከኢስሊ ይቺን ብዕር የምታህል ዕቃ ሲልክልኝ ምርጫዬ ይሄው ነበር።

ኬሚስትሪ አስተማሪ ስለሆንኩ ትንሽ ታገሱኝ። ሲጋራ ሲሳብ ጫፉ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ቅጠሉ ይቃጠላል። ከመቃጠሉ ሬንጅ የሚመስለው ታር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በጠቅላላው ከ7,000 በላይ ኬሚካል ይወጣል። ኒኮቲን የሚያስረን ገመድ ነው፤ በዋናነት የሚገድለን ግን ጭሱ ነው። ቬፕ ውስጥ የሚቃጠል ቅጠል የለም። ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ በትንሽ ሽቦ ሙቀት ይተናል። ትነት ማለት ግን ንጹሕ አየር ማለት አይደለም። ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ቬፕ በቻይናዊው ፋርማሲስት በሆን ሊክ የተሠራው በ2003 ነው። ስለ ሲጋራ የምናውቀውን ያህል ስለ ቬፕ ለማወቅ ገና ብዙ ዓመት ይቀረናል። ከጭስ ይሻላል እላለሁ። ጥሩ ነው አልልም።

አሁን ወደ መላመዱ።

መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ትንታ ነው። 14 ዓመት ሙሉ ሲጋራን አጠር፣ ጠንከር አድርጎ የሳበ ሳንባ ቬፕንም እንደዚያው ይስባል፤ ከዚያ ዓይን እስኪያነባ ሳል ነው። ጠንክራችሁ ስትስቡት ፈሳሹ ራሱ ወደ አፍ ይመጣል፤ ምላስን የሚለበልብ ነገር ነው። አሳሳቡ ሌላ ነው። ትኩስ ሻይ ፉት እንደምትሉት በቀስታ፣ ሦስት አራት ሰኮንድ፣ መጀመሪያ አፍ ውስጥ ከዚያ ወደ ውስጥ። እጄ ይህን በሁለት ቀን ለመደ። ሳንባዬ ሦስት ሳምንት ፈጀበት።

ከትንታው ሌላ የሚመጣ ሳል አለ፤ ሰው ፈርቶ ወደ ሲጋራ የሚመለሰው በዚህ ነው። "ሲጋራ ሳጨስ እንዲህ አላሳለኝም፣ ቬፑ ሊገድለኝ ነው" ይላል። ሁለት ነገር አለበት። አንደኛ ፕሮፒሊን ግላይኮል ውሃ ይስባል፣ ጉሮሮ ያደርቃል። ሁለተኛ የመተንፈሻ ቧንቧችን ላይ ቆሻሻ የሚጠርጉ ረቂቅ ፀጉሮች አሉ፤ ጭስ ያደነዝዛቸዋል። ጭሱ ሲቀር ይነቁና የተጠራቀመውን አክታ ወደ ላይ መጥረግ ይጀምራሉ። ውሃ ጠጡ ይባላል። በካኩማ ሙቀት፣ ጀሪካን ተሰልፎ በሚሞላበት ቦታ፣ "ውሃ ጠጡ" ማለት ቀላል ምክር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ጠጡ። አክታው ደም ካለበት፣ ወይም ሳሉ ከሳምንታት በኋላም ካልለቀቀ፣ ማታ ማታ የሚያልብ ከሆነ፣ ከቬፕ ጋር አታያይዙት። ካምፕ ነው ያለነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሂዱ።

ቀጥሎ የመጠኑ ጉዳይ። እዚህ ላይ ተማሪዎቼን የማስተምረው ፐርሰንት ይጠቅማል። እሽጉ ላይ 5% የሚለው በአንድ ሚሊሊትር 50 ሚሊግራም ኒኮቲን ማለት ነው። 2% ማለት 20 ሚሊግራም። የአውሮፓ ኅብረት ከ20 በላይ አይፈቅድም፤ ወደ እኛ አካባቢ የሚመጣው ተጠቅሞ የሚጣለው ዓይነት ግን 50 የተጻፈበት ብዙ ነው። ሰው ፈርቶ 3 ሚሊግራም ይገዛና ቀኑን ሙሉ ሲስብ ውሎ፣ ሀራራው ሳይበርድለት፣ ማታ ሱቅ ሄዶ ሲጋራ ይገዛል። በቀን 15 ያጨስ ለነበረ ሰው 3 አይበቃም። እኔ በ20 ነው የጀመርኩት። ሲበዛ ደግሞ ሰውነት ራሱ ይናገራል፤ ያቅለሸልሻል፣ ራስ ያዞራል፣ ልብ ይመታል። ያኔ ማስቀመጥ ነው። ፈሳሹን ልጅ በማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት። ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው፣ ሽታው ደግሞ የከረሜላ ነው።

ሲጋራ ኒኮቲኑን ከ10 እስከ 20 ሰኮንድ ባለ ጊዜ ውስጥ አእምሮ ላይ ያደርሰዋል። አብዛኛው ቬፕ ይዘገያል። የመጀመሪያ ሳምንታት "አይሠራም" የምትሉት ለዚህ ነው። ትንሽ ስባችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ስደተኛ መጠበቅ መቼም አይከብደውም ትሉኝ ይሆናል። ይሄኛው ይከብዳል።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ሲጋራ መጨረሻ አለው። አንዷን ለኩሰህ አምስት ስድስት ደቂቃ ትቆያለህ፣ ቁራጩን ትጥላለህ፣ አለቀ፣ ወደ ክፍል ትገባለህ። ለእኛ ለምንጠብቅ ሰዎች ሲጋራ ሰዓት ነበር። የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ሲራዘም አንድ። የምዝገባ ሰልፍ ላይ ሁለት። "ፋይልህ በሂደት ላይ ነው" የሚል መልስ ሲመጣ ሦስት። ቀኑ ቢያንስ በፍሬ ይቆጠር ነበር። ቬፕ መጨረሻ የለውም። አይጠፋም፣ አያጥርም፣ አመድ የለውም። ኪስህ ውስጥ ነው፣ ሳታውቀው አፍህ ላይ ነው። የቤት ሥራ ሳርም ግራ እጄ ራሱን ችሎ ሲመላለስ ያየችው ባለቤቴ "ይሄማ ጡጦ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ መጨረሻ ሠራሁለት። እንደ ሲጋራው ከቤት ወጥቼ፣ ቆሜ፣ አሥር ጊዜ ስቤ፣ ኪሴ ከትቼ እገባለሁ። ተቀምጬ አልስብም። ቤት ውስጥ አልስብም። ይህን ያላደረገ ሰው ከሲጋራ የበለጠ ኒኮቲን ሊወስድ ይችላል።

ሌላም የሚጎድል ነገር አለ። "ወንድም፣ እሳት ይኖርሃል?" የሚለው ሰላምታ። ካኩማ ስገባ አንድ ቃል ስዋሂሊ ሳላውቅ ከኮንጎውም፣ ከሱዳኑም፣ ከቡሩንዲውም ጋር የተዋወቅሁት በክብሪት ነው። ግማሿን አጭሶ ግማሿን ለጓደኛ መስጠት በካምፕ ትልቅ ነገር ነው። ቬፕ ግን አይካፈሉትም፤ አፍ ለአፍ መቀባበሉ በሽታ ያጋባል፣ እኔም አልሰጥም። መጀመሪያ አካባቢ "ኮራ" ተብዬ ታምቻለሁ። አሁን ሻይ እጋብዛለሁ።

ወደ ከባዱ ልምጣ። ካምፕ ውስጥ ሲጋራ የሚጨሰው ለሱስ ብቻ አይደለም፤ ለረሃብም ነው። ኒኮቲን የምግብ ፍላጎት ያፍናል። ራሽን በተቀነሰ ቁጥር ጎረቤቴ ያለው ወጣት አንድ ፍሬ ገዝቶ በእሷ ምሳ ሰዓትን ሲሻገር አይቻለሁ፤ ከምግብ በርካሽ። ወደ ቬፕ ስትሻገሩ ኒኮቲኑ ስላለ ረሃቡ ወዲያው አይመጣም። የሚመጣው ሽታ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት የጎረቤት ቁሌት ሸተተኝ፤ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው ለየብቻ። ስንት ዓመት እንዲህ አልሸተተኝም። ደስ አለኝ ልበል? ደስ አለኝ። ግን ወሩ ማለቂያ ነበር፣ ቤት ያለው ማሽላና ጨው ነው። ከዚያ መጠኑን ከ20 ወደ 10 ስቀንስ እውነተኛው ረሃብ መጣ። ስለዚህ በማንኛውም የማቆሚያ መጽሐፍ ላይ የማታገኙት ምክር ልስጣችሁ፦ ኒኮቲን የምትቀንሱ ከሆነ ራሽን በወጣበት ሳምንት ቀንሱ። ወር መጨረሻ ላይ አትሞክሩት። "አጫሽ ሁሉ ሰነፍ ነው" የሚል ሰው ባዶ ሆዱን አስተምሮ ያውቃል ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ።

ቡናው። ሲጋራ በተውኩ በሁለተኛው ሳምንት ከቡና በኋላ እጄ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ ጀመርኩ። ቬፑ ነው አልኩ። አይደለም። የሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ታር ጉበታችን ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ የሚያደርግ ኢንዛይም ያበዛል። አጫሽ ብዙ ቡና የሚችለው ለዚህ ነው። ጭሱ ሲቀር ኢንዛይሙ ይቀንሳል፤ ያው አቦል፣ ያው ቶና፣ ያው በረካ ደም ውስጥ በእጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ይህን የሚያደርገው ኒኮቲኑ ስላልሆነ ቬፕ አይተካውም። ስለዚህ "ቬፕ እንቅልፍ ነሳኝ" ያላችሁኝ ሦስት ሰዎች፣ መጀመሪያ ቡናውን በግማሽ ቀንሱና ከሳምንት በኋላ ጻፉልኝ። እኔ አቦል ላይ አቆማለሁ። አክስቶቻችን ተነስተህ ስትሄድ ይቀየማሉ፤ ጉበቴን ላስረዳቸው ሞክሬያለሁ፣ አልተሳካም። በነገራችን ላይ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ሲጋራ ስታቆሙ ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ክሎዛፒንን የመሳሰሉት በዚሁ ኢንዛይም ነው የሚወገዱትና መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

በርጫ ላይ የምትቀመጡ፣ ብዙ አልልም። ምርቃና ላይ ቬፕ ሲጋራን አይረታም። ሁለት ወር ከበርጫ ራቅሁ፤ ሌላ መላ አላገኘሁም።

አንድ የምወዳቸው ሽማግሌ አሉ፣ ጋሼ እንበላቸው። የእኔን አይተው ልጃቸው ከናይሮቢ ላከላቸው። አሁን ቀን ቬፕ፣ ማታ ሲጋራ ናቸው። "ከ20 ወደ 8 ወርጃለሁ እኮ ልጄ" ይሉኛል። ጋሼ፣ ያነቡልዎት ይሆናልና ልንገርዎት፦ ልብና የደም ሥር ላይ ያለው ጉዳት በፍሬ ብዛት ልክ አይቀንስም። ጥቂት ሲጋራም ልብን በጣም ይጎዳል። ሁለቱንም የያዘ ሰው ከመሻገሪያው መሐል ነው ያለው። የመጀመሪያ ሳምንታት መደራረቡ ያለ ነው፤ ዓመት ከቆየ ግን ያው ማጨስ ነው፣ የኪስ ወጪ ተጨምሮበት። ያቺን የማታዋን ይተዉልኝ። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ከደምዎ ይወጣል፤ ዳገቷን ሲወጡ ያውቁታል።

ስለ ዕቃው። ከካምፕ ወደ ናይሮቢ ለመሄድ የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገናል። ኮይል ሲቃጠል ዘልዬ ሱቅ የምሄድ ሰው አይደለሁም፤ በኪታሌና በሎድዋር አድርጎ የሚመጣ አውቶቡስ ላይ ዕቃ የሚያመጣልኝ ሰው እለምናለሁ። ኮይል እንደ አሳሳባችሁ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቆያል። የተቃጠለ ጨርቅ ጣዕም ካመጣ ሞቷል። ተለዋጭ ሁለት ሳይኖራችሁ ሲጋራችሁን አትተዉ፤ ዕቃ ያለቀበት ቀን ሱቁ ቅርብ ነው። አዲስ ኮይል ስታስገቡ ፈሳሹ ጥጡን እስኪያርሰው አሥር ደቂቃ ሳትስቡ ጠብቁ፣ አለበለዚያ የመጀመሪያው ሳብ ያቃጥለዋል። ባትሪው ሊቲየም ነው። የቆርቆሮ ቤት ውስጥ መስኮት ላይ፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት። ፍራሽ ላይ ቻርጅ ሰክታችሁ አትተኙ። ቤቶቻችን እንዴት እንደሚነዱ ሁላችንም አይተናል።

ስለ ተማሪዎቼ ደግሞ። ይሄ ጽሑፍ እነሱም ዘንድ እንደሚደርስ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ አላወጣውም፤ አጥር ውጭ ሄጄ፣ ከትልቁ ግራር ጀርባ። አንድ የሦስተኛ ፎርም ልጅ ግን ሽታውን ይዞ "ምዋሊሙ፣ ይሄ እኮ ጭስ የለውም፣ ለእኛ ምን ችግር አለው?" አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ስለነበር ክፍል ውስጥ መለስኩለት። ሰሌዳው ላይ ሁለት ሰው ሣልኩ። አንዱ በቀን 15 ያጨሳል፤ ወደ ቬፕ ቢሻገር ታሩንና ካርቦን ሞኖክሳይዱን ይተዋል፣ ሱሱ ይቀርለታል። ሌላው አያጨስም፤ ቬፕ ቢጀምር የሚተወው ነገር የለም፣ ሱስ ብቻ ያተርፋል። የወጣት አእምሮ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ እያደገ ስለሆነ ኒኮቲን ቶሎ ይይዘዋል። "አንተስ ለምን ማንጎ የሚሸት ትስባለህ?" አለች አንዷ። የሚሸተው ሚንት ነበር፤ የትምባሆ ጣዕም ያለው ሲጋራውን እያስታወሰኝ ስላስቸገረኝ ነው የቀየርኩት። ግን ጥያቄዋ ልክ ነው። ከረሜላ የሚሸት ነገር ለ35 ዓመት ሰው ብቻ ተብሎ እንደማይሠራ ልጅ ያውቃል። ከናይሮቢ ለዕረፍት የመጡ ልጆች ባለ ቀለሙን ይዘው ሳይ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መጨረሻ መንግሥታት በጥብቅ እንዲቆጣጠሩት ያሳሰበው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። በሌላ በኩል ኮክሬን የሚባለው የጥናት ገምጋሚ ቡድን ኒኮቲን ያለው ቬፕ ከፕላስተርና ከማስቲካ ይልቅ ብዙ አጫሾችን ሲጋራ እንዳስተወ ደምድሟል። ሁለቱም እውነት ነው። "ሰይጣንን በሰይጣን ታወጣለህ?" ብለህ ለጻፍክልኝ ወንድሜ መልሴ ይሄ ነው፦ ላላጨሰ ሰው ስታወራ ካንተ ጋር ነኝ፤ ለእኔና ለጋሼ ስታወራ ግን ፕላስተሩን ይዘህ ና።

አሁን 10 ሚሊግራም ላይ ነኝ። ወደ 6 ለመውረድ የያዝኩት ጠርሙስ ከአክስቴ ልጅ ጋር ኢስሊ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣ ሰው አለ ብሎኛል፣ ራሽኑም በዚያው ሳምንት ነው። ከ18 ዓመት በላይ የሆናችሁ አጫሾች ጥያቄያችሁን ከታች ጻፉ፣ ማታ ማታ መብራት ሲኖር እመልሳለሁ። ተማሪዎች፣ እናንተ የሞል ስሌቱን አልጨረሳችሁም።